ቆሞ በል እና ሁለቱ ቤቶች

ወሬው ሲደርሳት ልብስ ሰፊዋ እስፒል በጥርሷ ይዛ፣ ተንበርክካ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እየለካች ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ሳያንኳኳ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ወንድሜ…" ብሎ ፊቱን ሸፈነ። እሷ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የእስፒል መሰኪያው ላይ ሰካችና ደንበኛዋን፣ "ነገ ብትመጪ ይሻላል" አለቻት።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አውቶቡሱን ማደሪያው ግቢ አስገብቶ፣ ቁልፉን ለዘበኛው አስረክቦ፣ አግዳሚው ላይ አረፍ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። "ሰውየውን ተቀምጦ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደክሞት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩት" ይላል ዘበኛው። እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተጣብቆ ስለሚውል ይሁን ተፈጥሮው ሆኖ፣ ቤት ሲገባ ወንበር አይወድም። ራቱን የሚበላው ሳህኑን ይዞ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር እያለ ነው። ሰፈርተኛው "ቆሞ በል" የሚል ስም አወጣለት። እሱም ስሙን አልጠላውም። "ተከራይ ምን ብሎ ይቀመጣል? አከራይ ‹ልቀቁ› ሲል እኔ ለመነሳት አልቸገርም" ይል ነበር።

እንደ ቀልድ ይናገረው እንጂ ቀልድ አልነበረም። ከተጋቡ ጀምሮ ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲንከራተቱ ኖረዋል። አንዱ አከራይ የስፌት መኪናው ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ ይላል፣ ሌላው ልጄን ልድር ነው ይላል። ልጅ አልወለዱም፤ እንደ ጉንዳን ያጠራቀሙት ግን በመጨረሻ ለአንድ ቤት በቃ። ያኔ ደግሞ የሚመርጡት ቤት ሁለት ሆነ።

አንደኛው አዲስ አፓርታማ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት፣ አሳንሰሩ ግን "ይገባል" እየተባለ ያልገባ። ሁለተኛው ትንሽ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ነው፤ ግድግዳው እርጥበት ይዞታል፣ የፊት ክፍሉ በር በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። የሚሸጡት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነው። ሁለቱም ሻጮች ቶሎ መልስ ፈልገዋል።

"አንቺስ የቱን ትያለሽ?" ይላታል ሹፌሩ።

"አንተ እንዳልክ" ትለዋለች።

በሞተበት ቀን ጠዋት በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ "የቤቱን ነገር ዛሬ ማታ ቁርጡን እንነጋገር" አላት። እሷ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኗን አጥብባ ስለነበር ቀና አላለችም። "እሺ" ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ እዚያች "ቁርጥ" የምትል ቃል ላይ ነው። ሰውየው ወስኖ ነበር። የትኛውን እንደሆነ ሳይነግራት ይዞት ሄደ።

ሐዘን ሊያደርስ የሚመጣው ሰው ሳሳ ሲል ረግታ መቀመጥ አቃታት። የስፌት መኪናዋ ጋ ትሄዳለች፣ ክር ታስገባለች፣ ሳትሰፋ ትነሳለች። አንድ ቀን ሳህን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ እንደምትበላ ድንገት ልብ አለች፤ ሳህኑን አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ ቤቱ ለጊዜው ይቆይ" አላት የባሏ ወንድም። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቤት አይገዛም።"

"ኪራይ ግን ይከፍላል" አለችው።

ሻጮቹ ለሐዘኑ ሲሉ እስከ ቅዳሜ ታግሰዋታል። ሐሙስ ጠዋት ባሏ ይነዳው የነበረውን አውቶቡስ ጠብቃ ተሳፈረች። መሪው ላይ ሌላ ሰው አለ። ትኬት ቆራጯ ግን ያቺው፣ ከሱ ጋር ብዙ ዘመን የሠራችው ምላሰ ስለት ናት። ትኬት አልቆርጥልሽም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እስቲ እውነቱን ንገሪኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የቱን ቤት ነበር የመረጠው?"

ትኬት ቆራጯን ሳቅ አመለጣት፤ ቶሎ አፏን ያዘች። "ይቅር በይኝ እህቴ። ሰውዬሽ እኮ አውቶቡሱን ምክር ቤት አድርጎት ነበር።"

"እንዴት?"

"ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ዞር ብሎ ‹ወገኖቼ፣ አዲስ አፓርታማ ይሻላል አሮጌ ግቢ?› ይላል። ድምፅ ቆጣሪ እኔ። የጠዋት ተሳፋሪ ታጥቦ ተተኩሶ ነው የሚመጣው፣ ‹አፓርታማ› ይላል። ማታ ያው ሰው እግሩን እየጎተተ ይሳፈርና ‹ደረጃ ማን ይወጣል፣ ግቢ ይሻላል› ይላል። ‹አለቃዬ፣ እስቲ ቀትር ላይ ሞክር› አልኩት። ቀትር ላይ ደግሞ ሁሉም ያንቀላፋል።"

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። "የእሱስ ድምፅ?"

"እሱማ የቱንም ሲሉት ‹እሱም አለ› ነው። አንድ ሽማግሌ ‹አንተ ሰው፣ ወራጅ ሁሉ ስለ ቤትህ ምን አገባው? ሚስትህን አትጠይቅም?› አሉት።"

"ምን አላቸው?"

"ማርሽ ቀየረ።"

አፓርታማው ጋ ስትደርስ ወረደች። በር ላይ የጠበቃት የሻጩ ደላላ እየቀደመ ደረጃውን ይወጣል፣ እሷ በየፎቁ ትተነፍሳለች።

"እሜቴ፣ እዚህ እኮ አየሩ ብቻ ሀብት ነው" አላት።

"ደንበኞቼ አየር ሊለኩ አይመጡም" አለችው።

መስኮቱ ላይ ቆመች። አውቶቡሶቹ ከታች እንደ ክብሪት ቀፎ ይታያሉ። እሱ ይህን ቢወድ አይፈረድበትም፤ ቀኑን ሙሉ በጡሩንባና በአቧራ ሲንገላታ ለሚውል ሰው ይህ ጸጥታ መድኃኒት ነው። ግን እሷ ራሷ ትወደው እንደሆነ ልታስብ ስትል ምንም አልመጣላትም። ተቻኩላ ወረደች።

አሮጌው ቤት ስትደርስ አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ነበሩ። እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት።

"ባልሽ እየደጋገመ ይመጣ ነበር" አሉ። "ወንበር ሳቀርብለት ‹ልቁም እማማ› ይለኛል፤ ይህችን የፊት ክፍል ወዲያ ወዲህ ይመላለስባታል። ‹ቁርጡን ንገረኝ እንጂ ልጄ› ስለው፣ ‹ባለቤቴ ገና አልነገረችኝም› ይላል።"

"እኔ? እኔማ አንተ እንዳልክ ብዬዋለሁ።"

"ነግሮኛል። ‹አንተ እንዳልክ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ አላውቅም› ብሎ ሳቀ።"

ልብስ ሰፊዋ የተሰጣት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ ለባሏ ክብር ሰጠሁ ስትል፣ እሱ አብራው የምትኖረው ሴት ያልሰጠችውን መልስ ከወራጅና ተሳፋሪ ሲለምን ከርሟል። ያን ማታ ቁርጡን ሊነግራት አልነበረም፤ ሊጠይቃት ነበር።

ክፍሉን ዞረችው። ግድግዳው ጥግ ላይ ይሸታል። መንገድ ዳር ያለው መስኮት ግን ብርሃኑን የሚጥለው ልክ የስፌት መኪናዋ ሊቆም የሚችልበት ቦታ ላይ ነው፤ በሩ ክፍት ከሆነ ደንበኛ ከመንገድ ቀጥ ብሎ ይገባል። ለሷ ጉልበት ደረጃ የለውም።

"እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው" አለች።

"እሱ ምን ይል ነበር ብለሽ እንዳይሆን" አሉ አሮጊቷ።

"እሱ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ቅዳሜ ልትመለስ ተስማምተው ወጣች። መንገዱን ቶሎ ቶሎ ሄደችው፣ ሰው የሚጠብቃት ይመስል። ለአፓርታማው ደላላ ገና አልነገረችውም። የባሏ ወንድም አልሰማም። ውሉ አልተፈረመም፤ አሮጊቷ በሁለቱም ስም ካስጻፉት ረቂቅ ላይ የሟቹን ስም ማስወጣትም ገና ነው።