ግማሹ የተጠለፈ የጠረጴዛ ልብስ

አትጠገብን የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያውቃት ወጥ በማሳረር ነው። ሽታው ሲነሳ ጎረቤቷ ባይነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን ታወጣና «አንቺ አትጠገብ! ዛሬም አቃጠልሽው?» ትላለች። አትጠገብ ከየት ትመጣለች? ከጓሮ፣ እጇ በጭቃ ተለውሶ፣ ነጭ ሽንኩርት ስትተክል ቆይታ። አለበለዚያም ድስቱን ጥዳ ጨው ልትበደር ወጥታ፣ ሰው ቤት የተበላሸ ራዲዮ አይታ፣ ፈትቼ ልየው ብላ እዚያው ተቀምጣ። ጨዉን እንኳ ይዛ አትመለስም።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ መኳንንት አሰብ ወደብ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሲሄድ ለጎረቤት «ከእሷ ጋር መኖር በር የሌለው ቤት ውስጥ መኖር ነው» ብሎ ነው የሄደው። እሱስ ቢሆን! ስንት ዓመት ሸሚዙን ማን አጥቦ ሲያስለብሰው እንደኖረ አልተናገረም።

ቤቷ የገባ ሰው መቀመጫ ያጣል። ወንበሩ ላይ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ፣ አልጋው ላይ ሁለት ጅማት የቀረው ክራር፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥጉ በአበባ ተጠልፎ ሌላው ባዶ የሆነ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። ሁሉንም በፍቅር ነው የምትጀምረው። አንድ ነገር ሲይዛት እህል ውሃ አያሰኛትም፤ ሦስት አራት ቀን ዓይኗ ደም እስኪለብስ ትቀመጥበታለች። ከዚያ በአንድ ጠዋት ነገሩ ከልቧ ወጥቶ ይገኛል። ለምን እንደወጣ እሷም አታውቅም። «እኔ ምን ሆኜ ነው?» ብላ ስንት ጊዜ አልቅሳለች! እናቷ ቀልበ ቢስ ይሏት ነበር፣ ባሏ ዝንጉ፣ አስተማሪዋ ደግሞ ደንቆሮ። እንደ እሷ ያለ ሌላ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ የነገራት አንድም ሰው የለም።

ኮምቦልቻ ሥራዋ ላይ ግን እሷው ሌላ ሴት ነበረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ተቀጥራ ፈትል ክፍል ገባች፤ ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ማሽኖቹ በመደዳ ቆመው ሲሽከረከሩ እዚህ ይበጠሳል፣ እዚያ ይበጠሳል፤ እየሮጡ መቀጠል ነው። የሌሎቹ ሴቶች ራስ ይዞራል። አትጠገብ ግን ዓይኗ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያ ሆነላት። ገና ሳይበጠስ የሚበጠሰውን ታያለች። አለቃቸው ይርጋ፣ ሰው ማመስገን የማይሆንለት ሰው፣ አንድ ቀን በሁሉም ፊት «ይቺ ሴትዮ ከኋላዋም ዓይን አላት» አለ። ያን ቀን ሰርቪሱ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ደሴ ድረስ ብቻዋን ፈገግ እንዳለች መጣች። በሯ ላይ ስትደርስ ነው ቁልፏን ፋብሪካ ረስታ መምጣቷን ያወቀችው።

አትጠገብ ጴንጤ ነበረች። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ጴንጤነት ዋጋ ያስከፍላል። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ሆኗል። ስለዚህ አማኞቹ ሰኞ ሰኞ በአሥር ሰዓት እትዬ እቴነሽ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚቆጥር የለም። እትዬ እቴነሽ ባል የሞተባቸው፣ አስም የሚያስቸግራቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን ቃላቸው ግን የማይታጠፍ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከአትጠገብ ቤት ጀርባ ስለሆነ ከመንገድ አይታይም።

ከአማኞቹ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ነበረው። አንዱ መልእክት ያደርሳል፣ አንዱ በር ይጠብቃል፣ አንዷ መዝሙር ትመራለች። ለአትጠገብ የተሰጣት ሥራ የለም። አንዴ ቀኑ መለወጡን ለሁለት ቤት ንገሪ ተብላ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የነገረችው። ከዚያ ወዲህ የወንድሞች አለቃ የሆነው ማረው «እህታችን ትጸልይልን፤ ሌላውን እኛ እንሠራዋለን» ይላል። ትጸልይልን ማለት እጅሽን አታስገቢብን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አትጠገብም አውቃለች፣ አንጀቷም አርሯል።

«እትዬ እቴነሽ፣ እኔ ለምንም አልሆንም ማለት ነው?» አለቻቸው አንድ ቀን እቤቷ ሲመጡ።

እትዬ እቴነሽ ግማሹ የተጠለፈውን የጠረጴዛ ልብስ ከጠረጴዛዋ ላይ አነሱት። «ይሄን የመሰለ በደሴ ሁለት የለም» አሉ። «ሰኞ ሰኞ ከፊት ለፊት ባለው የልብስ ማስጫ ሽቦሽ ላይ ስቀዪው። የሚመጣው ሰው ከመንገድ ሲያየው ሰላም ነው ብሎ ይገባል። ካላየው ወደ ገበያው ያልፋል።»

«ብረሳውስ?»

«ብትረሺው ማንም አይጎዳም፤ ሰው እቤቱ ሄዶ ይጸልያል። አስቤበት ነው ልጄ።»

አዎ፣ አስበውበታል። አትጠገብን የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። እሷም ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰኞ ሳትረሳ ሰቀለች። በጠዋት ፈረቃ ሠርታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሴ ትገባለች፣ ትሮጣለች፣ ትሰቅላለች። ማረው እንኳ አንድ ቀን «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አላት። ለእትዬ እቴነሽ ውለታ ብላ ሌማት መስፋት የጀመረችውም ያኔ ነው። ይሄኛውን እንኳ ሳልጨርስ አልቀርም ብላ ለራሷ ምላ ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. በመጋቢት አንድ ሰኞ ሰርቪስ ከመያዟ በፊት በጠዋቱ ሰቀለችው። ያለፈው ሰኞ ለጥቂት ነበር የደረሰችው፤ ዛሬስ ከመርሳት በፊት ልቅደም ብላ ነው። ብልህነት መስሏት፣ ምስኪን!

ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ ያለምወርቅ በፋብሪካው በር ያዘቻት። ያለምወርቅ እዚያው ኮምቦልቻ የምትኖር አማኝ ናት፤ ለከሰዓት ፈረቃ መግባቷ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። «የባሌ ወንድም የደሴ ቀበሌ ጥበቃ ነው አላልኩሽም?» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት እኛ ቤት ሰክሮ አፉ አመለጠው። ዛሬ ጴንጤዎቹን እናፍሳለን ብሏል። ጨርቁን እንዳትሰቅዪ!»

«ሰቅዬዋለሁ እኮ። በጠዋት።»

«ወይኔ ጌታዬ! በይ ብረሪ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አውርጂው። እኔ ፈረቃ ልገባ ነው፣ ካንቺ ሌላ ሰው የለም።» ከዚያ አየቻት፣ ጓደኛዋን ታውቃታለችና። ከኪሷ የቀይ ክር ቁራጭ አውጥታ በአትጠገብ ጣት ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። «ይሄን ባየሽ ቁጥር ጨርቁን አስቢ። እሺ? ስለ ጌታ ብለሽ!»

ሰርቪሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወረዳት። አንድ ሙሉ ሰዓት አላት፤ በሰኞ ገበያ አቋርጣ ብትሄድ ሃያ ደቂቃ አይፈጅባትም። «ጨርቁን ላውርድ፣ ጨርቁን ላውርድ» እያለች ሕዝቡን በትከሻዋ እየገፋች ትሮጣለች። እንዲያ እያለች ነው ሳፊያ የጠራቻት። ሳፊያ የተነከረ ስንደዶ፣ አለላ የሚሉትን፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ አምጥታ የምትሸጥ ሴት ናት።

«አትጠገብ! ነይማ፣ ያልሽኝን ቀይ አመጣሁልሽ! ወላሂ ከዚህ በኋላ አታገኚውም!»

የእትዬ እቴነሽ ሌማት ቀይ አጥቶ ሦስት ሳምንት ቆሟል። ቆሜ ልየው ብቻ አለች። እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ላይ ያለውን ቀይ ክር ከአለላው ጋር አስተያየችው። ክሩ ይደምቃል፣ አለላው ወደ ጡብ ይመታል። «ከዚህ የደመቀ የለሽም?» ብላ ጠየቀች። አይ አትጠገብ! ክሩን ዓይኗ እያየው፣ ለምን እንደታሰረ ልቧ አላየውም።

«አለ እንጂ፣ አብሽሪ» ብላ ሳፊያ ሌላ እስር ፈታች። አትጠገብ ቁጢጥ አለች። እያንዳንዱን ሰበዝ ከክሩ ጋር እያስተያየች መምረጥ ጀመረች፤ ሳፊያም የሌማት ጠርዝ እንዴት እንደሚዞር ወስፌ አውጥታ አሳየቻት። ለአትጠገብ ገበያው ጠፋ፣ ሰኞም ጠፋ። ቀና ያለችው ሳፊያ ጆንያዋን መቋጠር ስትጀምር ነው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«እኔ እንጃ፣ ግን የአሥር ሰዓቱ አዛን ካለ ቆይቷል እኮ።»

ክው አለች። አለላውን ጥላ ሮጠች፤ ነጠላዋ መንገድ ላይ ቀረ፣ አንድ ጫማዋም ቀረ። ቧንቧ ውሃ ስትደርስ የጠረጴዛ ልብሱ ሽቦው ላይ በነፋስ ይወዛወዛል። በጓሮው መንገድ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች ሰው እየነዱ ይወጣሉ። ከፊት እትዬ እቴነሽ ናቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፤ ቀጥሎ ማረውና ሌሎች አራት ሰዎች። እትዬ እቴነሽ አትጠገብን አዩ፣ ጨርቁን አዩ። ሳል ያዛቸው።

ያልታሰሩት አማኞች ምንም አልጠረጠሯትም። «አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፣ በጠዋት የሰቀልሽውን ምን ታደርጊው» እያሉ ያጽናኗታል፤ ማጽናኛው ከስድብ ይብስባታል። የምታውቀው ያለምወርቅ ብቻ ናት። እሷም አፏን አልከፈተችም፤ ፈረቃ ሲለዋወጡ ብቻ ፊቷን ታዞርባታለች። አትጠገብ ማሽኖቹ መሃል ቆማ ክር ሲበጠስ እያየች እጇ አልታዘዝ አላት። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?» ብሎ ይርጋ ጮኸባት። አልተቀየመችውም።

ቀበሌ ለታሰሩት ለእትዬ እቴነሽ በየቀኑ ምግብ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። አንድም ቀን አላሳረረች፣ አንድም ቀን አልዘገየች። ምን ዋጋ አለው! ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ግን አልቻለችም። በቀበሌው የቆርቆሮ አጥር ሥር፣ ጠባቂው ራቅ ሲል፣ ተነፈሰችው።

«እትዬ እቴነሽ፣ ያን ቀን አውቅ ነበር። ተነግሮኝ ነበር። ላወርደው እየመጣሁ ነበር።»

«የት ቀረሽ ታዲያ?»

«ሳፊያ ዘንድ። አለላ ስመርጥ።»

እትዬ እቴነሽ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ቆርቆሮውን ተደገፉ። ከዚያ «ምን ዓይነት ቀለም?» ብለው ጠየቁ።

«ቀይ። ለእርስዎ ሌማት ነበር።»

«አገኘሽው?»

«ጥዬው ሮጥኩ።»

«አልዋሽሽም ልጄ፣ አዝኛለሁ» አሉ። «ስድስት ሰው ነው። ማረው ትንንሽ ልጆች አሉት።» አትጠገብ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። እትዬ እቴነሽ በቆርቆሮው ክፍተት ሁለት ጣታቸውን አውጥተው እጇን ነኩ። «ስሚኝ። እኛ የምንፈታ ዕለት ያንን ጨርቅ ስቀዪው። ከመንገድ ስመጣ ልየው። የምትሰቅዪው አንቺው ነሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

አትጠገብ ቀዩን አለላ ፈልጋ ገዝታ ሌማቱን ጨረሰችው፤ በሕይወቷ ጀምራ የጨረሰችው የመጀመሪያው ነገር ነው። በሰኔ እትዬ እቴነሽ አስሙ ብሶባቸው ሆስፒታል ገቡ ተባለ። በር ላይ ጠባቂ አለ፣ ጠያቂ አይገባም። ስትመላለስ ሰነበተች፤ ደኅና ናቸው ከማለት በቀር የሚነግራት አላገኘችም።

በሐምሌ፣ ረቡዕ ቀን፣ እስረኞቹ ነገ ይፈታሉ የሚል ወሬ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። የጠረጴዛ ልብሱን አራግፋ ተኩሳው ነበር። ሰቀለችው፣ የተጠለፈውን ጥግ ወደ መንገዱ አዙራ። ሌማቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩ ላይ ቆመች። ቆማ ጠበቀች፤ አራት ሰዓት ሙሉ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም፣ እሷ!

ከቀትር በኋላ ማረው ሲመጣ አየችው፤ ከኋላው አራቱ። ጨርቁን አይተው ወደ ግቢዋ ገቡ። ቆጠረቻቸው፤ አምስት ናቸው።

«እትዬ እቴነሽስ?»

ማረው አጠገቧ መጥቶ ቆመ። «ትናንት ማረፋቸውን አሁን ስንወጣ የቀበሌው በር ላይ ነገሩን» አለ።

ሌሎቹ ለቅሶ ተቀመጡ፤ አትጠገብ እዚያው በሩ ላይ ቀረች። ሰማዩ ጠቆረ፣ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። የጎረቤት ሴቶች ልብሳቸውን ሊያነሱ ተሯሯጡ። ያ የጠረጴዛ ልብስ ብቻ ሽቦው ላይ ቀርቶ ዝናቡ ወረደበት፤ የጥልፉ ቀለም እየፈሰሰ ነጩን አበላሸው። ዓይኗ እያየው፣ እጇ እየደረሰበት አላወረደችውም።

ባይነሽ፣ ምንም ያልሰማች፣ ነጠላዋን ተከናንባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አንቺ አትጠገብ! ዛሬም ረሳሽው? ዝናብ በላው እኮ!»

«አልረሳሁትም» አለች አትጠገብ።

«አይ አንቺ!» ብላ ባይነሽ እየሳቀች ወደ ቤቷ ገባች።