ከዳንግላ እንጅባራ ያደረስኩት ፍላሽ

ማክሰኞ ጠዋት ከዳንግላ የተነሳሁት የልጄን የብርቱካንን ፍላሽ ለማድረስ ነበር። ብርቱካን እንጅባራ የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስለ ድንች ዘር አቀማመጥ የሠራችውን የመመረቂያ ጥናት በመምህራን ፊት ታቀርባለች። ጽሑፏ ያለው ፍላሹ ላይ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ለእረፍት መጥታ ስትመለስ ቤት ረስታው ሄደች። ኢንተርኔት ስለሌለ በስልክ መላክ አልተቻለም። ፍላሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት፤ ፈታሁና አየሁት፤ እንደገና ቋጠርኩት።

ባለቤቴ አየነው ልብስ ሰፊ ነው። ልወጣ ስል ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው ጨርቅ አቧራ የያዘ መሰለኝና እጄን ሰደድኩ።

«ተይ!» ብሎ ጮኸ። «ጠመኔ ነው፤ የምቆርጥበትን መስመር ልታጠፊብኝ ነው! የአንቺ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም?»

መነኻሪያው አጠገብ

ባጃጅ ይዤ መነኻሪያ ደረስኩ። ግን ፍላሹ ባዶ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ አላስቀምጥ ስላለኝ ዘርፌ ከምትባል ጎረቤታችን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቼ «የልጄ ስላይድ እዚህ ላይ እንዳለ እይልኝ» አልኳት።

ዘርፌ ከፈተችውና ፊቷን አኮሳተረች። «እትዬ ብዙ፣ ይሄ እኮ ስላይድ አይደለም። ደረቅ ጽሑፍ ነው። መካከሉ ላይ ደግሞ ምልክት ተበታትኖበታል።»

አየሁት። በየቦታው መሰላል የመሰለ ምልክት አለ፤ ከሥሩ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ እንደገና መሰላል። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ግን ጽሑፍ እንደዚያ እንደማይጻፍ አውቃለሁ።

«ቫይረስ ይሆን?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል።»

«እባክሽ አጽጂልኝ።»

መሰላሉንም ሰረዙንም አጠፋችው። ባዶ መስመሮቹንም አጠጋግታ ጽሑፉን እንደ ደብዳቤ ቀጥ አደረገችው። መርቄያት ወጣሁ።

መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው! እንጅባራ!» እያለ ይጣራል፤ ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ነበር። ሲሞላ ሄድን። አዲስ ቅዳም ስንደርስ በመስኮት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ፤ ከጭንቀቴ የተነሳ ግን ሳልቀምሰው ያዝኩት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ከረዳቱ ጋር በአዊኛ ሲቀላለዱ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የነጠላሽን ጫፍ እንዲያ የጨበጥሽው ምን ቋጥረሽበት ነው?»

ፈትቼ አሳየኋቸው። «የልጄ ትምህርት ነው፣ አባ።»

«ይቺ ናት? ታዲያ ይህችን ለምታህል ነገር ልጅን ስንት ዓመት ከቤት ማራቅ ምን ያደርጋል!» ብለው ሳቁ። ድንቹን ሰጠኋቸው፤ እየበሉ መረቁኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሁለቱም በኩል ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው፤ ዳሩ ላይ ከሰል የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ወደ እንጅባራ ስንቃረብ ጉም ወረደና ነጠላዬን ተከናነብኩ።

እንጅባራ

ብርቱካን የጓደኛዋን ላፕቶፕ ተውሳ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ውስጥ ጠበቀችኝ። ሳመችኝ፤ ፍላሹን ሰካች፤ የሆነ ነገር ነካካች። ስክሪኑ ላይ አንድ ስላይድ ብቻ ወጥቷል። ጽሑፉ በላይ በላዩ ታጭቆ የታቹ ተቆርጧል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«ቆሻሻ ስለነበረበት አስጸዳሁት» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ቆሻሻ አልነበረም እኮ! እኔ ስላይዱን አንድ በአንድ አልሠራም። ጽሑፍ ብቻ ነው የምጽፈው። መሰላሉ ያለበት መስመር ርዕስ ነው፤ ከዚያ አዲስ ስላይድ ይጀምራል። ሰረዙ ነጥቦቹን ይለያል። ፊደሉን፣ መጠኑን፣ ቦታውን ፕሮግራሙ ነው የሚያሰናዳው። ምልክቱ ከሌለ የት እንደሚቆርጥ በምን ያውቃል?»

ጠዋት አየነው የጮኸብኝ ጩኸት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። የልጄን ጠመኔ ነው ያጠፋሁት።

«ቃሉስ? ቃሉም ጠፋ?»

እስከ ታች ድረስ አየችው። «ቃሉ አለ። አንድም አልጎደለም።»

ያኔ ነው ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት።

ምልክቱን መመለስ ጀመረች፤ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። አንድ ቦታ ላይ መሰላል ስታደርግ ሳላስበው «እዚህ አይደለም» አልኳት። «እዚህ ጋ አታቆሚም ነበር። ብርሃን ያገኘው ዘር አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል ብለሽ ነው ውሃ የምትጠጪው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቤት በነበረችበት ሳምንት እኔ የሽሮ አተር ስለቅም እሷ ፊቴ ቆማ ስትለማመድ ነበር የሰነበተችው። የምትለው ሁሉ አልገባኝም፤ የት እንደምታቆም ግን ጆሮዬ ይዞታል።

«በይ እማ፣ ቀጥይ» አለችኝ።

እሷ ታነባለች፣ እኔ «አቁሚ» እላለሁ፣ እሷ መሰላሉን ታደርጋለች። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ስላይዶቹ በየርዕሳቸው ተለያይተው፣ ፊደላቸው አምሮ፣ ተራ በተራ መጡ።

«ደግመሽ አሳዪኝ» አልኳት።

«እማዬ! ይበቃል፣ ልሂድ!» እየሳቀች ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ልጄ ውሃ በጠጣች ቁጥር ስላይዱ ተቀየረ። አንድ መምህር ጠበቅ ያለ ጥያቄ ጠየቋት፤ መለሰች። ወጥታ «አለፍኩ!» ብላ አቀፈችኝ።

ዳንግላ

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መንገድ ላይ ተኝቼ አላውቅም። ዘርፌን ሱቋን ስትዘጋ አገኘኋትና ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ላግዝሽ ብዬ!» አለች።

«እኔም» አልኳት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ያልገባኝን ነገር ሁሉ ቆሻሻ እንዳልል ነው። ጭንቀቴ ግን በአንድ ጉዞ ብቻ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ቤት ስገባ አየነው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «እንዴት ሆነች?»

«አለፈች።»

እጁን ዘርግቶ ፈጣሪውን አመሰገነ። ጠረጴዛው ላይ የጠዋቱ ጨርቅ እንደተዘረጋ ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ በነጭ ሆኗል። እጄ ሊሄድ ሲል ሰበሰብኩት።

«አየነው፣» አልኩት፣ «ይሄ መስመር ነው ወይስ አቧራ?»

ዝቅ ብሎ አየውና ሳቀ። «ይሄስ አቧራ ነው። አራግፊው።»