የእምዬ አማከለች የጡት ልጅ

እምዬ አማከለች፣ የአባቴ እናት፣ ያረፈችው ደርግ ሊወድቅ አንድ ክረምት ሲቀረው ነው። በቀብሯ ቀን ከሁሉ በላይ ደረቱን እየደቃ «እናቴን፣ እናቴን» ሲል የነበረው አንለይ ነው። ሰዉም «አይ የጡት ልጅ፣ እንዴት ቢወዳት ነው» እያለ አዘነለት። እኔ እዚያው ቆሜ አንጀቴ አረረ። ዛሬም ሲነሳብኝ ያው ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

እምዬ ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባት አንድ ልጇን፣ አባቴን አዛናውን፣ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል፤ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ከቤት ቤት መሄጃው ታንኳ ይሆናል። ጎርፉ ጎተራዋን ሁለቴ ወስዶባት ሁለቴም እንደገና ተነሥታለች። ምላሷ አይቻልም። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር «ስብሰባህ ላሜን ያልብልኛል ወይ?» ብላ በሰው ፊት ያሳፈረች ናት። እንዲህ ሆና ደግሞ ሆደ ቡቡ ነበረች፤ የጎዳትም እሱ ነው።

አንለይ የጎረቤት ልጅ ነበር። አባትና እናቱን ወባ ሲጨርሳቸው እምዬ ወሰደችው። እንዲያው አላስጠጋችውም፤ በወጉ ነው ያደረገችው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ባሉበት፣ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ አጠባችውና «ልጄ ነህ» አለችው። እሱም «እናቴ ነሽ» ብሎ ማለ። በእኛ አገር ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። የጡት ልጅ የጡት እናቱን አይከዳም፤ ከእሱ ምስጢር መደበቅም ልጅነቱን መፋቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ለአባቴ ሲሰፋ ለአንለይም ተሰፋ። አባቴን ስትድር እሱንም ዳረች።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ወጣት አምጣ ተባለ። መጀመሪያ ስም ጠሩ፣ ኋላ ከገበያ እያፈሱ ይወስዱ ጀመር። የአባቴ ስም መውጣቱን የሰማች ዕለት እምዬ በለቅሶ ጊዜ አላጠፋችም። ሜዳው በውኃ ተሞልቷል፤ ከሜዳው ግርጌ ባለው ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ ቄጠማ፣ የቆመ ሰው ይሰውራል። ከደንገሉ ውስጥ ጎርፍ የማይደርስባት አንዲት ጉብታ ነበረችና አባቴን እዚያ ደበቀችው። ውኃው ሲጎድል በጣራ ገዳም በኩል ወደ ዘመዶቿ ልታሻግረው ነበር ሐሳቧ።

ለእናቴ ለእናኑ እንኳ ቦታውን አልነገረቻትም። «ይገርፉሻል፤ የማታውቂውን አታወጪም» አለቻት። ግን ስንቅ ማን ያድርስ? እሷ ታንኳ መቅዘፍ አትችል። ለአንለይ ነገረችው።

እናቴ ፈራ ተባ እያለች «ለሱም ባይነገረው ምን አለበት?» ብትላት እምዬ ተቆጣች። «አዛናው ከሆዴ፣ አንለይ ከጣቴ፤ ምን ለያቸው ብለሽ ነው?»

አንለይ ጥቂት ጊዜ ስንቁን አደረሰ። ከዚያ ሊቀመንበሩ አስጠርቶ «አዛናው ካልተገኘ በሱ ፈንታ የምትሄደው አንተ ነህ» አለው። ይህን የሰማነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየነው አባቴ እጁን የኋሊት ታስሮ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ በአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሐል በመንደሩ ሲያልፍ ነው። እምዬ ነጠላዋ ወድቆ እየሮጠች ደረሰች። አባቴ አያት፤ አያትና ፊቱን አዞረ። «አዛናው፣ ልጄ» ብትለው አልመለሰላትም።

ያ ፊት ማዞሩ እንቅልፍ ነሳት። «ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ?» ስትል ትውላለች። እናቴ «ደንግጦ ነው» ትላታለች። አንለይ ደግሞ «ስንቅ ሳደርስ ተከትለውኝ ነው፣ እምዬ» እያለ አብሯት ያለቅሳል። ዓይን አውጣነት ማለት ይኸ ነው። እሷም እንባውን በነጠላዋ ትጠርግለታለች።

በዓመቱ አንለይና ሊቀመንበሩ በመሬት ተጣሉ፤ ሊቀመንበሩም ጠጅ ቤት ተቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈው። ወሬው እኛ ቤት ሲደርስ አንለይ ቄስ ኃይለ ሚካኤልንና ሽማግሌዎችን ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ።

«ቀን ጥሎኝ ነው፣ እምዬ። ይቅር በይኝ» አለ።

ቄሱም «አማከለች፣ ለነፍስሽ ብለሽ» አሏት።

እምዬ ወጥታ ፊቱ ቆመች። አሁን ምላሷን ታወርድበታለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ያ ደንገል ሰው የሚያሳይ አይደለም። እንዴት አገኙት?»

ድንጋዩን በትከሻው ላይ አመቻቸ።

«እውነቱን ንገረኝና ድንጋዩን አወርድልሃለሁ።»

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ምን ብለህ?»

«ምሕረት ተደርጓልና ውጣ፤ እምዬ ናት የላከችኝ አልሁት።»

እምዬ ድንጋዩን ከትከሻው አነሣች። ቃሏን አታጥፍም። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችና ወደ ቤት ገባች። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። እኔ ተከትያት ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ የላክሁበት መስሎታል» አለችኝ። «ልጄ እናቴ ሸጠችኝ ብሎ ነው የሄደው።»

የቀረ ዕድሜዋ ወረታ መገንጠያው ላይ አለቀ። ወደ ጎንደርም ወደ ደብረ ታቦርም የሚያልፍ የወታደር መኪና እዚያ ጥቂት ይቆማል። የሽምብራ ቆሎ በአገልግል ይዘን እንሄዳለን፤ ለወታደሮቹ እያዘገነች «አዛናው ቢሻው የሚባል ታውቃላችሁ?» ትላለች። የሚያውቅ የለም። ልጅ እግሮቹ ያዝኑላትና «አይዞዎት እናቴ፣ ይመለሳል» ይሏታል። እሷ ግን ይመለሳል ወይ ብላ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጎኑን ይዛ አብራው እየተራመደች፣ «ካገኛችሁት፣ አንለይን እናትህ አልላከችውም በሉልኝ» ትላቸው ነበር።