ግሪሳ ሲወርድ የተቀመጡ ሰዎች

መርሳ ገበያ ዳር ጥንቅሽ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር፣ ጥርሴ ባይችለውም ገዝቼ እይዛለሁ። ሽታው ይበቃኛል። በጃንሆይ ዘመን፣ ልጅ ሆኜ፣ ከከተማው ወረድ ብሎ ያለው የማሽላ ማሳችን ሲደርስ እንዲህ ይሸት ነበር፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ አቧራ ያለበት። አባቴ ግሪሳ በወረደብን ዓመት ነው የሞተብን። ማሳው ላይ የሚያዘው እንግዲህ ታላቅ ወንድሙ አያ እንድሪስ ሆነ፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማጭድ አይነሳም።

አያ እንድሪስን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አላህ ይዘንለትና፣ ሰነፍ ነበር። ስንፍናውን ግን ሽቶ ቀብቶታል። በሬ ለመጥመድ ዱአ፣ አጥር ለማጠር ዱአ። “ጊዜዬን በምን ላይ ላውለው፣ አላህ ያመላክተኝ” ይልና ጫቱን አስቀርቦ ይቀመጣል። እንደሱ ሥራ የሚከብዳቸው ሽማግሌዎችም ይከቡታል። ያመላክተኝ ሲል ፀሐይ ትወጣለች፣ ያመላክተኝ ሲል ትጠልቃለች።

እናቴም ዱአ ታደርግ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዳ እጇን ትዘረጋና “ያ ረቢ፣ የዛሬን ቀን በከንቱ አታሳልፍብኝ፤ መጀመሪያ የምይዘውን አሳየኝ” ትላለች። አሚን ብላ ፊቷን ስታብስ መቀነቷን እያጠበቀች ተነስታለች። መልሱን ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ መንገድ ላይ ይደርስባት ነበር መሰለኝ።

ማሽላው እንደደረሰ አያ እንድሪስን ሄዳ ጠየቀችው።

“አያ፣ በሐራ በኩል የግሪሳ ወፍ ታየ ይላሉ። ይፍቀዱልኝና እንጨድ።”

“ሴት ስትባል ትቸኩላለች” ብሎ ሳቀ። “ሐሙስ ዱአ እናደርጋለን፤ ቀኑን አላህ ይሰጠናል።”

እሱ ሌላም ማሳ ነበረው፤ ምን ያስቸኩለዋል? የእኛ የዓመት ቀለብ ግን ያቺው ነበረች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ማማው ላይ ወንጭፌን ይዤ ሳለሁ ግሪሳው ወረደ። ሰማዩ ጠቆረ። ጮህኩ፣ ቆርቆሮ ደበደብኩ፤ ከአንዱ ጥግ ሳባርረው ሌላው ጥግ ላይ ያርፋል። እናቴ ማጭዷን ይዛ ስትሮጥ አየኋት። ወደ ማሳው መስሎኝ ነበር፤ ወደ አያ እንድሪስ ቤት ታጠፈች። እኔም ዘልዬ ወርጄ ተከተልኳት።

ወንዶቹ ጉንጫቸውን ወጥረው አሚን ይላሉ። እንዲያ ባለ ሰዓት ሴት አትገባም። እሷ በሩ ላይ ቆመች።

“አያ፣ ዱአዎ ደርሷል። መልሱ መጥቶ ማሽላው ላይ አርፏል፤ ወጥተው ይቀበሉት።”

“አንቺ ሴትዮ! ዱአ አታቋርጪ!” አላት አንዱ ሽማግሌ።

“ምን አቋረጥኩ? እናንተ እስክትጨርሱ እሱ እየበላ ይጠብቃችኋል።”

ፊቷን አዙራ ሄደች። የጎረቤት ሴቶችና ያፈሩ አንድ ሁለት ጎረምሶች ተከተሏት። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ አጨድን። ግማሹን አተረፍን፣ ግማሹን ግሪሳ በላው። ክረምቱ ሳይገባ ጎተራችን ባዶውን ቀረ፤ እናቴ ያለችንን አንዲት ላም ሸጣ አሻገረችን።

አያ እንድሪስስ? በማግስቱ መጣ። ክምሩን ዞሮ አየና “አየሽ፣ ግማሹን ያተረፈው ዱአዬ ነው” አላት። ቀና ብላም አላየችው፤ ነዶዋን ታስተካክል ነበር።

ዛሬ ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንማከር እየተባለ አዳራሽ እንጠራለን። የላስቲክ ወንበር አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ ሰዓት ያላሰረ የለም። “ጊዜያችንን በጥበብ እንድንጠቀም ምራን” ተብሎ ይከፈታል፤ እኔም ከልቤ አሚን እላለሁ። ከዚያ ወሬው እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ነው። ባለፈው ሰግጄ ልሄድ ጫማዬን ሳጠልቅ አስተናባሪው ልጅ “አባባ፣ የመዝጊያው ዱአ ይቀራል” አለኝ።

“ልጄ፣ በመክፈቻው መች ሠራችሁበት?” ብዬው ወጣሁ።

ያኔ በመንደራችን አንድ እንድሪስ ነበር፤ እሱንም በሩ ላይ ቆማ የምትናገረው ሴት ነበረች። አሁን አዳራሽ ሙሉ እንድሪስ ተቀምጧል፤ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው የጠፋው።