ለአባዬ ዓይን የሚበቃ ፊደል

ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ባለው ቢሯችን ሪፖርት ሳስተካክል፣ የፊደሉን መጠን አንድ ቦታ ላይ ከፍ አደርግና ገጹ ሁሉ በአንዴ ሲያድግ እጄን ከማውሱ አንስቼ ፈዝዤ እቀራለሁ። ባልደረቦቼ "ደግሞ ምን ታየሽ?" እያሉ ይስቁብኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው! ዓይኔ ላይ የምትመጣው ጋምቤላ የነበረችው ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ናት፤ የጀነሬተሩ የናፍጣ ሽታ፣ ከፕሪንተሩ የሚወጣው ትኩስ ወረቀት፣ በበሩ መጋረጃ በኩል የሚገባው የሚያጥበረብር ብርሃን፣ ከባሮ ወንዝ ዳር የሚሰማው የአጣቢዎች ጫጫታ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባዬ ከመቲ ከተማ ለሥራ ጋምቤላ መጥቶ እዚያው የቀረ ጤና ረዳት ነበር፤ ያኔ ጡረታ ወጥቷል። ዋናው ኑሮው ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። መዝሙር ይደርሳል፣ እሑድ እሑድ መዘምራኑን ይመራል። ብዙዎቹ አኙዋክና ኑዌር ስለሆኑ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ማንበቡ ብዙም አይሆንላቸውም። ስለዚህ አባዬ ፊታቸው ቆሞ እያንዳንዱን ስንኝ አስቀድሞ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እነሱ ተቀብለው ይዘምሩታል። መዝሙሮቹ የራሱ ቢሆኑም ብዛታቸው ያምታታዋልና ያለ ወረቀት አይሆንለትም። እና የስኳር በሽታው ዓይኑን ያዘው።

እኔ ደግሞ ጉረኛ ነበርኩ። "በኮምፒውተር እተይብልሃለሁ፣ ፊደሉንም አተልቅልሃለሁ" አልኩት። "ጎሽ የኔ ልጅ!" ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቋ እየሄድኩ ተየብኩ። ግን አተያየቤን ብታዪው! መስመር ባለቀ ቁጥር ኢንተር፤ አዝማቹን መሀል ለማምጣት ስፔስ፣ ስፔስ፣ ስፔስ። ለዓይን ያምር ነበር። ዓይኑ ሲብስ ሁሉንም መርጬ መጠኑን ከፍ አደረግሁና አትሜ ሰጠሁት።

እሑድ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ስንኙ ተቆርጦ ግማሹ ታች ወድቋል። ግማሹን አንብቦ ቆመ፤ መዘምራኑም ግማሹን ዘመሩ። ርዕሱም ስንኙም አዝማቹም አንድ መጠን ስለሆኑ አዝማቹ የት እንደሚጀምር ጠፋው። ከኋላ ልጆች ሳቁ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ፣ አባዬ እየሰማ፣ "እንግዲህ ደክሟል፤ ለወጣቶቹ ይልቀቅ" አሉ። አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቤት እስክንደርስ እጄን ጨብጦ ሄደ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ሱቋ ውስጥ ተነፋረቅሁ። ባለቤቷ ቀልደኛ የኑዌር ሴት ነበረች፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። "አንተ፣ ምን ያስለቅስሃል? ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ። ነገርኳት። ማውሱን ነጠቀችኝና ኢንተሮቼን ስታይ "ወይኔ ጌታዬ! ሁሉን በእጅ ቆፈርከው!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ስታይል የሚባለውን አሳየችኝ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ማንነቱን ትነግሪዋለሽ፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አዝማች ነው፣ ይሄ ስንኝ። ስንኝ ይደግ ካልሽ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትቀይሪያለሽ፣ ስንኝ የተባለ ሁሉ በያለበት ያድጋል። አዝማቹ መሀሉን አይለቅም። መስመሩ ቢሞላ እንኳ የተረፈው ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ አንባቢው የላይኛው ቅጥያ መሆኑን ያውቃል። ኢንተሬን ሁሉ ነቅዬ እንደገና ሠራሁት።

በቀጣዩ እሑድ አባዬ አንድም ሳይደናቀፍ ዘለቀው። ድምፁን ሰምተሽው ቢሆን ኖሮ! ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ጨበጡት።

ከዚያ ወዲያ "ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪበት" ሲለኝ እጨምራለሁ። ሳይቆይ ደግሞ "ትንሽ" ይለኛል። ከወረቀቶቹ የጠረዝንለት መጽሐፍ እየወፈረ፣ አንድ ገጽ የሚይዘው ስንኝ እያነሰ ሄደ። እኔ ሞኟ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ቁጥር ነክቼ ያን ሁሉ ገጽ ማሳደጌ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ግን "ጨምሪበት" ባለኝ ቁጥር መፍራት ጀመርኩ።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ሁለት ስንኝ ብቻ ያዘ። ያንን አምጥቼ ሰጠሁት። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ ወረቀቱን አቀረበው፣ አራቀው።

"አሁንስ?" አልኩት።

ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ገና ይጨመራል አባዬ፣ የፈለግከውን ያህል..."

"በቃ ልጄ" አለኝ። "ፊደሉ ምን አጠፋ።"

ወረቀቱን ተቀብዬ መጽሐፉ ውስጥ አስገባሁት።

እሑድ ግን እንደወትሮው ለባብሶ፣ ያን ወፍራም መጽሐፍ ታቅፎ ወጣ። እኔ ከጎኑ ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ስንኙን ጆሮው ሥር ሹክ እለዋለሁ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይለዋል፣ መዘምራኑ ይቀበላሉ። ገጹንም በሰዓቱ ይገልጥ ነበር። ያወቀብን ሰው ካለ ዝም ብሎልናል። አልጋ ይዞ እስኪቀር ድረስ እንዲህ ዘለቅን።

የመጨረሻችን መሆኑን ልቤ ነግሮኝ ነበር መሰለኝ፣ አንዱን እሑድ መዝሙሩ መሀል ላይ እንባዬ መጣ። ድምፄ ጠፋ። መዘምራኑ ቀጣዩን ስንኝ ይጠብቃሉ። አባዬ ወደ እኔ አልዞረም። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ እንደተከለ፣ የሚያነብ መስሎ፣ በቀስታ "አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ። ይጠብቁናል" አለኝ።