እመቤት ስለ መከራ የተናገረችበት ቅዳሜ

እመቤት የእምድብር ልጅ ናት። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃ፣ ከሲስተሮች ዘንድ ፊደል ቆጥራ ነው ያደገችው። ቤይሩት ስትገባ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ አርባን ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። በግራ ዓይኗ አታይም። የከተማዋ ወደብ የፈነዳ ዕለት የወጥ ቤቱ መስኮት መስታወት ፊቷ ላይ ተራገፈባት። የዚያን ጊዜዋ ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ለዕረፍት ወደ ተራራው ወጥታ ነበር፤ በሩን ከውጭ ቆልፋባት።

አሁን የምትሠራው ከቤይሩት ወጣ ብሎ አንጠልያስ፣ ሚስ ናዲን የሚባሉ አስተማሪ ቤት ነው። አሮጊት እናታቸውን ታነሣለች፣ ታስተኛለች። ሚስ ናዲን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰበካቸውን ወጣቶች ሃይማኖት ያስተምራሉ። ዘንድሮ የዐቢይ ጾም ርእሳቸው «የመከራ ትርጉም» ነበርና፣ አንድ ቀን እመቤት ለሙሌት ዝኩኒ ስትፈለፍል ወጥ ቤት ድረስ መጡ።

«ለልጆቹ ታሪክሽን ትነግሪልኛለሽ? አጭር ይሁን። ይቅር እንዳልሽ፣ መከራሽን ለጌታ እንዳቀረብሽ... ያኒ፣ ማለቴ፣ የሚያጽናና ነገር።»

እሺ አለች። እንቢ ማለት ባትችልም ደስ ብሏት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ስትኖር «እስኪ ንገሪን» ያላት ሰው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ እያጠበች የምትናገረውን አጠናች፤ ነጭ ሸሚዟን ተኮሰች።

ቅዳሜ ደረሰ። በሰበካው አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል። ሚስ ናዲን ጠጋ ብለው ከፊት የተቀመጠችውን ቀጭን ልጅ በዓይናቸው አመለከቷት። «ክሪስቴል ትባላለች። አባቷ በወደቡ ፍንዳታ ነው የሞተው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ እምነቷ እንዲህ ጠንካራ ነው» አሏት በኩራት።

እመቤት ልጅቷን አየቻት። ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

ያጠናችውን ጀመረች። መስኮቱን፣ ደሙን፣ በሐኪም ቤት ኮሪደር ወለል ላይ ያደረችውን ተናገረች። «እናም ዓይኔ...» ስትል ሚስ ናዲን ቃሉን ከአፏ ነጠቋት።

«አያችሁ ልጆች? እግዚአብሔር የሥጋ ዓይኗን ወስዶ የልቧን ዓይን አበራላት!»

«የለም፣ ሚስ» አለች እመቤት። «ዓይኔን እግዚአብሔር አልወሰደብኝም። መስታወት ነው የወሰደብኝ። በሩንም የቆለፈችብኝ ማዳሜ ናት።»

ክሪስቴል ቀና አለች።

«ታዲያ እግዚአብሔር የት ነበር?»

«አላውቅም የኔ ልጅ። እኔም እየጠየቅሁት ነው። የማውቀውን ልንገርሽ። ጎረቤት ቤት የምትሠራ ዙሀራ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች፤ እስላም ናት። ጩኸቴን ሰምታ በጋራ በረንዳችን በኩል መጣች። የመስኮቱ ብረት አላስገባ ሲላት እጇን አሾልካ እጄን ያዘችኝ። ‹አይዞሽ እሙዬ› ትለኛለች። እሷ በራሷ ጸሎት፣ እኔ በራሴ፤ በሩ እስኪሰበር አለቀቀችኝም። ለካ ጎኗ ውስጥ መስታወት ገብቶ ነበር። አልነገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«እመቤታችን መስቀሉ ሥር ስትቆም ምስማሩን መንቀል አልቻለችም። ‹ለበጎ ነው› አለች የሚል ግን ወንጌል ላይ አላነበብሁም። ቆመች። እኔ ያገኘሁት ትርጉም ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። አባትሽ ስለሞተ ብታለቅሺ ጌታ አይቀየምሽም። እሱም ወዳጁ ሲሞት አልቅሷል።»

ሚስ ናዲን ቶሎ ብለው መዝሙር አስነሡ።

በነጋታው የክሪስቴል እናት በሩን አንኳኩ። የከፈተችው እመቤት ነበረች። «ልጄን ምን አልሻት? ከትናንት ጀምሮ እንባዋ አልቆመም! ስንት ዓመት ለፍተን ያረጋጋናትን ልጅ!» ብለው ጮኹባት።

«ፓርዶን፣ ማዳም» አለች አንገቷን ደፍታ። በልቧ ግን ፓርዶን አላለችም።

ሚስ ናዲን ከኋላዋ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። «ኸላስ፣ በቃ እመቤት» አሏት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ተናጋሪ ተጠራ፤ ፈገግታ የማይለየው ጎልማሳ። እመቤት ጭማቂ እንድታቀርብ ታዘዘች። ሰውየው «እግዚአብሔር መከራ የሚሰጠው ለሚወደው ነው» ሲል ልጆቹ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ክሪስቴል ዓይኗ አብጦ ከኋላ ተቀምጣለች። ትሪው ሲደርሳት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ዙሀራ የት ነው የተቀበረችው?»

«አላውቅም የኔ ልጅ። ብዙ ጠየቅሁ፤ የነገረኝ የለም።»

ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀበለቻት። ሚስ ናዲን ከፊት ሆነው በጣታቸው «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲሏት፣ እመቤት ትሪውን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።