መርቪን እና ኳስ አፍቃሪው ማሽን

ግሌኒስ ትራንተር ከስልክ ድርጅት ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ በርኒ ወደብ ላይ ካለው ቤቷ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ክፍሏ ውስጥ ሰባት አሮጌ ኮምፒውተሮች ትንከባከባለች። ኮምፒውተሩን የሚመራው ስርዓተ ክወና የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ የሰበሰበቻቸውም ለዚሁ ነው።

ሥራዋን ለጠየቃት ሁሉ ፊቷ እየበራ ታስረዳለች። «በኔትወርክ የሚያልፈው ነገር ሁሉ በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። እሽጎቹን ማየት የሚፈልግ ፕሮግራም የእኛን ኮድ ይጠራል። ታዲያ ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና በሩን በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፍታል፣ ዊንዶውስ በሌላ፣ ቢኤስዲ ደግሞ በራሱ። እኛ ሁሉንም የሚከፍት አንድ ቁልፍ እንሠራለን።»

«እኛ» የምትለው ራሷንና ጓደኛዋን ቪክራም ናያርን ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረው በነጻ ሠርተዋል። አንድ ሕግም አላቸው፦ የጻፈው ኮድ በሌላ ስርዓት ላይ የተበላሸበት ሰው ላሚንግተን የሚባለውን ኬክ ጋግሮ ያመጣል፤ ቸኮሌት ውስጥ ነክሮ፣ ኮኮናት ነስንሶ። ሕጉን ያወጣችው ግሌኒስ ናት። ቪክራም አሥራ አንድ ጊዜ ጋግሯል፤ እሷ አንድም ቀን።

ያን ቅዳሜ የኮዳቸው አዲስ እትም ስድስት ሰዓት ላይ ሊወጣ ነው። መርቪን ግን አቤቱታ ልኳል። መርቪን በበጎ ፈቃደኞቹ የባሕር ነፍስ አድን ጣቢያ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ ማሽኑ ቢኤስዲ ነው። ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው መለኪያ የማዕበሉን ከፍታ በየደቂቃው ይልክለታል፣ ማሽኑም ንባቡን የሚቀበለው በእነ ግሌኒስ ኮድ ነው፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ንባቡ ተጠራቅሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው። ጀልባ ለሚያሰማራ ሰው የሩብ ሰዓት አሮጌ ማዕበል ምን ይረባዋል?

«ግሌን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ቢኤስዲን ከዚህ እትም እናውጣው» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ቪክራም። «ለአንድ ሽማግሌ ብለን…»

«ያ ሽማግሌ አይደል እንዴ አምና አንተንም ጀልባህንም ከአሸዋ ላይ ጎትቶ ያወጣህ?»

«ማዕበል ነው የገፋኝ!»

«የምን ማዕበል? ባሕሩ ያን ቀን እንደ ሾርባ ሳህን ረግቶ ነበር።»

ግሌኒስ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ለመርቪን ደወለች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ብልሽቱ ሳይሆን ደህና ስለሚሆንበት ጊዜ ነው።

«እንዳትስቂብኝ» አለ መርቪን። «ኳስ ያለ ቀን ይሻለዋል። ትናንት ሠራተኞቹ ጨዋታውን በኢንተርኔት ሲያዩ ንባቡ በየደቂቃው ከች ይል ነበር። ኳሱ አልቆ ሲበተኑ ተመልሶ ተኛ። ማሽኑ ኳስ አፍቃሪ ነው መሰለኝ።»

ቪክራም በሳቅ ፈረሰ። ግሌኒስ አልሳቀችም።

«መርቪን፣ የጣቢያው ኢንተርኔት በዚያው ማሽን በኩል ነው የሚያልፈው?»

«ሌላ ማሽን ከየት አመጣለሁ!»

በቃ፣ ገባት። ሊኑክስ እያንዳንዱን ደብዳቤ በደረሰበት ቅጽበት እንደሚያደርስ ፖስተኛ ነው። ቢኤስዲ ግን «አትጠብቅ» ካልተባለ በቀር ቦርሳው እስኪሞላ ይቆያል። ኳስ ሲታይ በሺህ የሚቆጠር እሽግ ይጎርፋል፣ ቦርሳው ባንድ አፍታ ይሞላል፣ የማዕበሉም ንባብ አብሮ ይደርሳል። ጣቢያው ጭር ሲል ግን ቦርሳው ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።

«‹አትጠብቅ› የምትለው መስመር ኮዱ ውስጥ ነበረች! የት ሄደች?»

ቪክራም የለውጦቹን መዝገብ ከፈተ። «ባለፈው ወር ተሰርዛለች። ምክንያት፦ ‹ጥቅም የሌላት መስመር›። የሰረዘው…» ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«አንብበው እንጂ!»

«ግሌኒስ ትራንተር።»

ትዝ አላት። መስመሯን ሰርዛ በሰባቱም ማሽኖች ላይ ሞክራ ነበር፤ ሁሉም አልፈዋል። የሙከራ ፕሮግራሟ ግን እሽግ የሚለቀው እንደ ጎርፍ ነው፤ ቦርሳው ወዲያው ይሞላል። እሷም ሳታውቅ ሁልጊዜ ኳስ ባለበት ቀን ነበር የምትሞክረው!

መስመሯን መለሰች። አዲስ ሙከራም ጻፈች፦ አንድ እሽግ ልኮ ዝም ማለት፣ እሽጉም በአንድ ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ሰባቱም ማሽኖች የማለፊያውን አረንጓዴ ምልክት አሳዩ። መርቪን አዲሱን ጫነ።

«አንድ ሜትር ከሃያ!» ብሎ በስልኩ ጮኸ። ደቂቃ ቆይቶ፣ «አንድ ሜትር ከአሥር! ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ሰው የለም፣ ኳስም የለም!»

እትሙ ቢኤስዲን ይዞ በሰዓቱ ወጣ። ቪክራም የኮኮናቱን ከረጢት ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳ አቀበላት።

ከሰዓት በኋላ ግሌኒስ የመጀመሪያዎቹን ላሚንግተኖች ከቸኮሌቱ ስታወጣ መርቪን በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ቆይ፣ ሳህኑ ይሙላ» አለችው።

«ሳህኑ እስኪሞላ?» አለ መርቪን እጁን እየዘረጋ። «ዛሬ የተማርሽው ይሄን ነው?»